በድምፅ ማጉያ የተነገረው ፈውሴ

መዳኔን የሰማሁት እንደማንኛውም ምእመን በድምፅ ማጉያ ነው።

የደብራችን ታቦት የሚነግሥበት ዕለት ነበር። እንዲህ ባለው ቀን ከፒያሳ ጀምሮ መንገዱ ነጭ በነጭ ስለሚሆን ባጃጅ አይገባም፤ እናቴን ክንዷን ይዤ በእግር ወሰድኳት። ብብቷ ሥር በላስቲክ የተጠቀለለ ረዘም ያለ ነገር ይዛለች። የክብር ጥላ መሆኑ ከነላስቲኩ ያስታውቃል። ለምን እንደተሳለች ግን አልጠየቅኳትም፤ ስለት የተሳዩና የታቦቱ ጉዳይ ነው።

ከቅዳሴ በኋላ ስለት የሚያነቡት ሰውዬ ማይኩን ያዙ። አንዱ ምንጣፍ አስገብቷል፣ አንዷ መጋረጃ፣ ሌላዋ የጧፍ እሽግ። ሕዝቡ በየመሃሉ እልል ይላል። እውነቱን ለመናገር እኔ ምሳዬን እያሰብኩ ነበር። ከዚያ ሰውዬው ወረቀቱን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው፣ "አንዲት እናት" አሉ። "ልጃቸው ለአሥራ አንድ ዓመት በሚጥል በሽታ ሲሠቃይ ኖሮ፣ ሐኪም ያቃተው ሆኖ ሳለ፣ በታቦቱ ተማጽነው ፍጹም ስለተፈወሰላቸው ይህን ጥላ ይዘው መጥተዋል። ልጁም እዚሁ መካከላችን ይገኛል!"

እልልታው ቀለጠ። በዙሪያዬ ያለው ሰው ሁሉ ማን እንደሆነ ለማየት ሲዞር እኔም አብሬ ዞርኩ፤ ሌላ ሰው ቢሆንልኝ ብዬ። ኪሴ ውስጥ የጠዋቱ አንድ ፍሬ የተነቀለበት የክኒን ሽፋን ነበረ። ያንን ይዤ ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እናቴን አየኋት። አንገቷን ደፍታለች፤ እልል አላለችም። በደስታ ያቀረቀረች መሰለኝ።

እናቴን የሚያውቁ ወደ እኔ ጠቆሙና ማይኩ እኔ ጋ ደረሰ። "አንድ ቃል" አሉኝ ሰውዬው።

"እግዚአብሔር ይመስገን" አልኩ።

ይህን የማይል ማን አለ? ሰው ሻይ ጠጥቶም ይለዋል። እዚያ ቦታ፣ ከዚያ ንባብ በኋላ ሲባል ግን ምስክርነት ሆነ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ይባላል፤ የእኔዋ ቃል ደግሞ በአራት ድምፅ ማጉያ ታግዛ ነው የወጣችው።

ስለ በሽታው ትንሽ ልናገር። መጀመሪያ የወደቅኩት በሃያ አምስት ዓመቴ፣ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ የኬሚስትሪ ላብራቶሪ ቴክኒሻን ሆኜ በተቀጠርኩ በስድስተኛው ወር ነው። አባቴ ከጎጃም ወደዚህ የደቡብ የሐይቅ ዳር ከተማ ተመድቦ የመጣ መምህር ነበር፤ እሱ ካረፈ በኋላ እኔና እናቴ አዲስ ከተማ በሚባለው ሰፈር ከጎረቤት ጋር ግቢ ተጋርተን እንኖራለን። በቤታችን የዚህ በሽታ ስም አይጠራም። እናቴ ሲበዛ "ያ ነገር" ትላለች፤ እኔ ያንንም አልልም። ክኒኔን ጠዋትና ማታ መኝታ ቤቴ ውስጥ እውጣለሁ፣ እሷ ቆሻሻውን ትደፋለች፣ በዚህ ተግባብተን ኖርን።

ወድቆ የማያውቅ ሰው አንድ ነገር አያውቅም፤ ሰው ሲወድቅ በአካባቢው ያለው ሁሉ ክብሪት ፍለጋ ይሮጣል። ጭረው አፍንጫህ ሥር ይይዙልሃል። ለምን እንደሚጠቅም የነገረኝ የለም፤ ሐኪሜም ይስቃል። እኔ ግን ስነቃ መጀመሪያ የማገኘው ያንን ሽታ ነው፤ ቀጥሎ የሚጮኹ ሰዎች፣ ቀጥሎ ጫማዬን ማን እንዳወለቀው። የክብሪት ሽታ ካለ ሰው አለ ማለት ነው።

ሐኪሜ ክኒኑን በትክክል ከወሰድኩ ላልወድቅ እንደምችል ነግሮኝ ነበር። ንግሡ በደረሰ ጊዜ ከወደቅኩ ዓመት ከሁለት ወር አልፎኛል። እሱን ነው እንግዲህ በማይክ "ፍጹም ተፈወሰ" ያሉት።

ከዚያ ቀን በኋላ ሰው ሁሉ ያውቀኛል። በግቢው በር ሳልፍ ሴቶች ትከሻዬን ይስማሉ። አንድ የማላውቃቸው አዛውንት ባጃጅ ውስጥ እጄን ይዘው አለቀሱ። ቤት ስገባ ደግሞ እናቴ አለች፤ ስለ ንግሡ ቀን ምንም አላነሳችም፣ እኔም አላነሳሁም። ክኒኔን ልውጥ ውሃ ስቀዳ ኩሽና ውስጥ ካየችኝ እምነቷን ፊቷ ላይ የምቀደው መሰለኝ። በማግስቱ ጠዋት ክኒኑን ሳልውጥ ወደ ሥራ ቦታ ይዤው ሄድኩ። እዚያ ስደርስ ሌላ ሐሳብ መጣልኝ። ምናልባትስ እውነት ቢሆን?

እኔ የላብራቶሪ ሰው ነኝ። ተማሪዎቹን "አየሁት ማለት አይበቃም፣ ድገሙት፣ ጻፉት" እያልኩ ነው የማደክማቸው። ማመን ከልጅነቴ ጀምሮ አምናለሁ፣ እጾማለሁ፣ አስቀድሳለሁ። ግን ሁልጊዜ አንድ ማህተም ያረፈበት ወረቀት የጎደለኝ ይመስለኝ ነበር። ሌላው ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ሲያለቅስ እኔ ዓይኔን ገልጬ እሱን አያለሁ፤ ምን አግኝቶ ነው እያልኩ። አሁን ማህተሙ እጄ ሊገባ ነው። አምላክን መፈታተን ኃጢአት መሆኑን ከእናቴ እግር ሥር ሆኜ የተማርኩት ነው፤ ከንግሡ ማግስት ጀምሮ ክኒኑን ተውኩና ፈታተንኩት።

ላብራቶሪ ግድግዳ ላይ ባለው ካላንደር፣ በየቀኑ ቁጥር ጥግ ላይ በእርሳስ አንድ ነጥብ አደርግ ነበር። ማንም ልብ የማይላት ነጥብ። አንድ ወር ሞላ፣ ሁለት ሞላ። እንደዚያ ያለ ደስታ አላውቅም፤ ሐይቁ ዳር ብቻዬን ስሄድ እስቅ ነበር። አንድ ነገር ግን አልደብቅም፤ በእነዚያ ወራት አልጸለይኩም ማለት ይቻላል። ነጥብ ስቆጥር ነው የከረምኩት። ዲግሪውን የጨበጠ ተማሪ ክፍል ተመልሶ እንደማይገባ ሁሉ፣ እኔም ማስረጃዬን ይዤ ከእግዚአብሔር ጋር ወሬ ጨረስኩ።

በሦስተኛው ወር ገደማ ጎረቤታችን አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ በር ላይ ጠበቁኝ። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ናቸው፤ እንደ እናቴ ከሰሜን የመጡ፣ ጾምና ንግሥ የማያልፋቸው ሴት። አሥራ አንደኛ ክፍል የምትማር አንድ ሴት ልጅ አለቻቸው። ልጅቷም ያ ነገር አለባት። በግቢያችን ሁለት ቤት አለ፤ በሁለቱም የማይጠራው ስም አንድ ነው።

"ወንድሜ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ" አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ክኒኑን የተውከው ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ከንግሡ ማግስት ጀምሮ" አልኳቸው።

"ምንም ሳትወስድ?"

"ምንም።"

ከቃሉ አንድም ፊደል ውሸት የለበትም። እንዲያውም ኩራት ቢጤ ተሰምቶኛል፤ ደረቴን ነፍቼ ገባሁ። ለምን እንደጠየቁኝ ቆም ብዬ አላሰብኩም። ይህን እስካሁን ለራሴ ይቅር አላልኩም።

አራተኛው ወር ሊሞላ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ከተማሪዎቹ በፊት ገብቼ ለዕለቱ ሙከራ ጠርሙስ ላወርድ ወደ ስቶር ሄድኩ። በሩን ከኋላዬ ዘጋሁ። ከዚያ የማስታውሰው ሲሚንቶውን ነው። ጉንጬ ሲሚንቶ ላይ ነው፣ ቅንድቤ ይሞቃል፣ አፌ ውስጥ ደም አለ።

የክብሪት ሽታ አልነበረም።

ማንም አልነበረም። ማንም እንዳልነበረ ያወቅኩት ግን በኋላ ነው። መጀመሪያ ላይ፣ ስሜን ሳላውቅ፣ ቀኑን ሳላውቅ፣ ሰው ልሁን ዕቃ ሳላውቅ፣ አጠገቤ የተቀመጠ ነበረ። አላየሁትም። ድምፅ አልሰማሁም። ሲጠብቀኝ የቆየ፣ የማይቸኩል፣ እንደ ሰው የማይጮኽ። ስሜን ሳላውቅ እሱን አወቅኩት፤ አዲስም አልሆነብኝም። ቀጥሎ ስሜ መጣ፣ ቀጥሎ ፍርሃቱ፣ ቀጥሎ እፍረቱ፣ እነሱ ሲገቡ ያ ወጣ ወይም እኔ ማስተዋሌን ተውኩ። ተነስቼ ደሜን በውሃ አጥቤ፣ ቅንድቤን በፕላስተር ለጥፌ፣ ካላንደሩ ጋ ሄድኩና ነጥቦቹን አንድ በአንድ በላጲስ አጠፋኋቸው።

ያንን ነገር ለማንም አልተናገርኩም። አንደኛ፣ ሐኪሜ ከመውደቅ በኋላ አእምሮ እንዲህ ያለ ስሜት ሊፈጥር እንደሚችል ከዚህ በፊት ነግሮኛል። ሁለተኛ፣ ማስረጃዬ ከእጄ በወደቀ ደቂቃ ምንም ማስረጃ የሌለው ነገር ይዤ መቆም የድሃ መጽናኛ መሰለኝ። ተናደድኩበት፤ ስፈታተነው ያልመጣ፣ ሲሚንቶ ላይ ስጋደም ምን ሊያደርግ መጣ አልኩ።

ሐኪሜ ጋ ሄጄ ተቆጥቶኝ ሲያበቃ ክኒኑን እንደገና ጀመርኩ። ላብራቶሪ ውስጥ "ጨው" የሚል ወረቀት የተለጠፈበት አሮጌ ቡናማ ጠርሙስ ነበረ፤ እዚያ ውስጥ ከተትኩት። ጠዋት በሩን ቆልፌ እውጣለሁ፣ ማታ ከመውጣቴ በፊት ቆልፌ እውጣለሁ። ሠላሳ ስድስት ዓመት የሞላኝ ሰው፣ የገዛ መድኃኒቴን እንደ ሌባ።

የወደቅኩ ዕለት ማታ እናቴ ቅንድቤን አየችው። "ምን ሆንክ?" አለች።

"የቁም ሳጥን በር ነው።"

"የቁም ሳጥን በር" ብላ ደገመችው፣ ከዚያ ሽሮውን አቀረበች።

በሳምንቱ ደግሞ ፕላስተሩ ገና ቅንድቤ ላይ እያለ ጎረቤታችንን በሩ ላይ አገኘኋቸው። ፊታቸው በርቷል። "አንድ የምሥራች ልንገርህ" አሉኝ። "የአንተን ከሰማሁ በኋላ የልጄንም ክኒን አቆምኩት። ጠዋት ጠዋት ጠበል እየጠጣች ወሯን ልትደፍን ነው። ምንም የለባትም፤ እግዚአብሔር ይመስገን!"

እግሬ ከመሬቱ ጋር ተሰፋ። ያኔ ነው መናገር የነበረብኝ፤ ቃሉ አጭር ነው። እኔ ወድቄያለሁ፣ ክኒኑን ይመልሱላት፤ አለቀ። ግን ይህን ካልኩ እሳቸው ዞረው እናቴን ይጠይቃሉ። እናቴ ስለት ያስገባችበት ፈውስ ሐሰት ሆኖ በጎረቤት አፍ ትሰማለች። ደብሩ ይሰማል። ትከሻዬን የሳሙት ሁሉ፣ ባጃጅ ውስጥ ያለቀሱት አዛውንት። ደግሞም የእግዚአብሔርን ስም ያስነቀፍኩ እኔ እሆናለሁ። ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ አሰብኩና፣ "እግዚአብሔር ይመስገን" አልኩ። ለሁለተኛ ጊዜ።

"ቅንድብህን ምን ነካህ?"

"የቁም ሳጥን በር።"

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ አባቶች። የእኔ ውሸት እያደር ከበደ። ከሥራ ስመለስ ጎረቤታችን በር ላይ ካሉ ዞሬ በሱቁ በኩል እገባለሁ። ልጅቷ ደብተሯን አቅፋ ስታልፍ ዓይኔ መሬት መሬት ያያል። እናቴ ጠዋት ጠዋት ሳታንኳኳ በሬን ብርግድ አድርጋ ትከፍታለች፤ ልብስ ልውሰድ፣ መጋረጃ ልክፈት ትላለች። ድሮ እንዲህ አታደርግም ነበር። የምትሰልለኝ መሰለኝና አንድ ቀን ጮኽኩባት። በሩን ዘጋች፤ በማግስቱ ደግሞ ከፈተችው። ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ከምሰሶ ኋላ እቆማለሁ። መጸለይ ፈልጌ አፌን ስከፍት የሚቀድመኝ ያቺው "ይመስገን" ናት፤ እሷን ደግሞ መስማት አስጠላኝ።

አሥራ ሁለት ቀን እንዲህ ኖርኩ። በአሥራ ሦስተኛው ልጅቷ ሻይ ስታፈላ ወደቀች። ውሃው ግራ ክንዷ ላይ ፈሰሰ። እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ፤ ስደርስ ጤና ጣቢያ ወስደዋት በፋሻ ጠቅልለዋት ተመልሳለች። በረንዳ ላይ ተቀምጣ ዓይኗ ሩቅ ያያል። እናቷ በሩ ላይ ቆመው ለእናቴ ይናገራሉ፤ ልጅቷ እየሰማች። "እምነቷ ጎድሎ ነው እማማ። ጠበሉን ስትጠጣ ፊቷን ታጨማድዳለች። የእርስዎ ልጅ በሙሉ ልቡ አምኖ ነው የዳነው።"

ልጅቷ ቀና ብላ አየችኝ። አልጠላችኝም፣ አልተቆጣችም። ከእኔ ያነሰ ሰው እንደሆነች አምና ነው ያየችኝ። ክንዷ ይድናል፤ ይህኛውን ግን ማን ይመልስላታል?

በማግስቱ ከሥራ በፊት ወደ ንስሐ አባቴ ሄድኩ። በልቤ እሳቸውን ነበር የምፈራው፤ ተአምር ያስካድኩ አድርገው ያዩኛል ብዬ። ሁሉን ነገርኳቸው፣ የስቶሩን ብቻ ተውኩ። አዳምጠው ሲያበቁ፣ "ክኒኑን ተው ያለህ ማነው?" አሉኝ። "እኔ ነኝ?"

"አይደሉም አባቴ።"

"ታቦቱ ነው?"

"አይደለም።"

እጃቸውን ቀሚሳቸው ኪስ ውስጥ ሰደዱና ከመስቀላቸው ጋር አንድ የክኒን እሽግ አወጡ። "የስኳር ነው። ሰዉን በጠበል አጥምቄ ስጨርስ እውጠዋለሁ። የሐኪሙን እጅ የፈጠረው ሌላ ነው እንዴ?" ከዚያ ትክ ብለው አዩኝና፣ "መጀመሪያ ለእናትህ፣ ቀጥሎ ለልጅቷ ትናገራለህ" አሉ።

"ስግደት ይስጡኝ አባቴ፤ ሁለት መቶም ቢሆን።"

"ስግደቱ ይቀልሃላ!" ብለው በመስቀላቸው ግንባሬን ነካ አደረጉኝ።

የሚያስረኝ እሳቸው ናቸው ብዬ ሳምንታት የፈራኋቸው ሰው በሩን በአንዲት ጥያቄ ከፈቱት። ወደ ቤት ስመለስ ግን እግሬ አሁንም አልፈታልኝ አለ።

እናቴ ጓሮ ልብስ እያሰጣች ነበር። "እማዬ፣ ወድቄ ነበር" አልኳት። "ሥራ ቦታ። ቅንድቤ የቁም ሳጥን በር አይደለም። ከንግሡ በኋላ ክኒኑን ትቼው ነበር፣ አሁን ጀምሬዋለሁ። አልዳንኩም።"

እርጥቡን አንሶላ እንደያዘች ቆመች። "የክኒንህን ሽፋን ከቆሻሻው ውስጥ ካጣሁት እኮ አራት ወር አለፈኝ" አለች። "አንዳንዴ ቢሮ ነው የሚውጠው እላለሁ፤ አንዳንዴ ትቶታል እላለሁ። ጠዋት ጠዋት በርህን የምከፍተው ምን ፍለጋ ይመስልሃል?"

"ለምን አልጠየቅሽኝም?"

"አንተስ ለምን አልነገርከኝም?"

ከዚያ አንሶላውን ገመዱ ላይ ጥላ ወደ እኔ ዞረች። "ድኖልኛል ብዬ አልተናገርኩም" አለች። "የሚመዘግቡት ሰውዬ ምን አደረገልዎት አሉኝ። ልጄን ጠበቀልኝ አልኳቸው። ከምን አሉኝ። ስሙን ነገርኳቸው። እንግዲያ ዳነ ማለት ነው አሉና ጻፉ።"

"ዝም አልሻቸው?"

"ከኋላዬ ሃያ ሰው ተሰልፏል። ይጻፉ፣ እሱ ያውቀዋል ብዬ ነው። በማይክ ሲያነቡት አንገቴን ደፋሁ፤ ያን ሁሉ እልልታ አስቁሜ ላስተካክል? በኋላ ቢሮአቸው ድረስ ሄጄ ያርሙልኝ አልኳቸው። እናቴ፣ ስለት እኮ ከተነበበ አይታረምም፣ ሕዝቡ ይደናገራል አሉኝ።"

"ታዲያ የተሳልሽው ምን ብለሽ ነው?"

ዓይኗ ውሃ ሞላ። "አድንልኝ ማለትማ ስል ስል ደከመኝ። ስትወድቅ ብቻህን እንዳትሆን ነው የተሳልኩት። እኔ አርጅቻለሁ፤ ሁልጊዜ አጠገብህ አልሆንም። ሲወድቅ የሚጠብቀው ስጠው ነው ያልኩት።" እጇን በቀሚሷ ጠረገች። "ያን ቀን ሥራ ቦታ ማን ነበረ?"

እዚህ ላይ ነው በእውነት የተያዝኩት። "ተማሪዎች ነበሩ" ብል ይበቃት ነበር፤ ስለቷ ደረሰ፣ ጥላዋም በከንቱ አልገባም። ግን ከእንግዲህ ውሸት በቃኝ። "ማንም አልነበረም" አልኳት። "ስቶር ውስጥ ነበርኩ፣ በሩ ተዘግቷል። ክብሪት አልሸተተኝም።"

ፊቷ ሲጠወልግ አየሁት። ሌላውን ብናገር ደግሞ እሷን ለማጽናናት የፈጠርኩት ይመስላል። ተናገርኩት ግን። እየተንተባተብኩ፣ አጠገቤ የነበረውን፣ ያልጮኸውን፣ ስሜን ሳላውቅ ያወቅኩትን ነገርኳት። "ሐኪሙ ከበሽታው የሚመጣ ሊሆን ይችላል ይላል" አልኩ መጨረሻ ላይ፤ እንዳትታለል ብዬ።

"ይበል" አለች እናቴ። "እሱ እዚያ አልነበረም።" ከዚያ ነጠላዋን ከገመዱ ሳበችና፣ "ና፤ ልጅቷ ጋ እንግባ" አለችኝ።

ጎረቤታችን በር ከፈቱልን። ልጅቷ ከትምህርት ቤት ቀርታ ሶፋው ጥግ ላይ ክንዷን ትራስ ላይ አሳርፋለች። ወንበር ቢሰጡኝም አልተቀመጥኩም፤ ከተቀመጥኩ ቡና ይፈላል፣ ቡና ከፈላ ወሬ ይመጣል፣ እኔም እጠፋለሁ። ቆሜ ነገርኳቸው። ክኒኑን መተዌ እውነት እንደሆነ፣ በአራተኛው ወር እንደወደቅኩ፣ በር ላይ የምሥራቹን ሲነግሩኝ ከወደቅኩ ሳምንት አልፎኝ እንደነበር። "የልጅዎ እምነት አልጎደለም" አልኩ። "የጎደለው የእኔ ቃል ነው። ይቅር በሉኝ።"

ጎረቤታችን እናቴን አዩ፤ እናቴ ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች። ሴትዮዋ ይጮኹብኛል ብዬ ስጠብቅ ሶፋው ጫፍ ላይ ዘጭ ብለው ተቀመጡ። "እና እኔ ልጄን..." አሉና የልጅቷን ፋሻ አይተው አቆሙ። ከዚያ ብድግ ብለው ጓዳ ገቡ። ሲመለሱ የልጅቷን ክኒን ከነሽፋኑ ይዘዋል፤ እንኳንም አልጣሉት። ከአንድ ብርጭቆ ውሃ ጋር ሰጧት። ልጅቷ በደህናው እጇ ተቀብላ ዋጠችው።

"ነገ ሐኪሙ ጋ እንሄዳለን" አሉ እናቷ። "በስንቱ እንደምትጀምሪ ይንገረን።"

ልጅቷ ብርጭቆውን አልመለሰችም። "ጋሼ፣ እንግዲያ እግዚአብሔር እርስዎንም አልሰማዎትም ማለት ነው?" አለችኝ።

ይህን ጥያቄ ስሸሽ ነው የከረምኩት። እናቴ አየችኝ። ጓሮ የነገርኳትን ለልጅቷም ነገርኳት፤ ከመጀመሪያው የባሰ ተንተባተብኩ። የአሥራ አንደኛ ክፍል ልጅ ፊት ቆሞ እንዲህ ያለውን መናገር ማይክ ከመያዝ ይከብዳል። ሐኪሙ የሚለውንም አልዘለልኩም። "ላብራቶሪ አስገብቼ ላሳይሽ አልችልም" አልኳት። "ግን አልነበረም ብዬ ልምልልሽም አልችልም።"

ልጅቷ ዓይኗን ከፋሻው ላይ አላነሳችም። "የማይቸኩል ነው አይደል?" አለች፣ በጣም ዝግ ብላ። "ሰዎቹ ሳይታዩኝ በፊት ነው የሚመጣው። ሁልጊዜ አይደለም። ትናንትም መጥቶ ነበር፣ ሻዩ ሲደፋ።"

ሁለት ሰው ማስረጃ እንደማይሆን ከማንም በላይ እኔ አውቃለሁ፤ ሁለታችንም አንድ በሽታ ነው ያለብን። ቢሆንም ያልተቀመጥኩበትን ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

"ልጄ" አሉ ጎረቤታችን። "ይህን ያህል ዘመን ለእኔ ሳትነግሪኝ?"

"ስነቃ ሁልጊዜ የምትጠይቂኝ ተሻለሽ ወይ ብለሽ ነው" አለች ልጅቷ። "ማን ነበረ ብለሽኝ አታውቂም።"

እናቷ ብርጭቆውን ከእጇ ተቀብለው መሬት አስቀመጡት። ከጎኗ ተጠግተው ተቀመጡ፤ የታሰረውን ክንዷን ከነትራሱ ጭናቸው ላይ አሳረፉና፣ "እስኪ አሁን ንገሪኝ" አሏት።